«ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?»፦ የሠራተኛ ማኅበርን ታሪክ ባሕር ዳር ላይ ማስተማር

መጀመሪያ ያስተማርኩ ቀን ትምህርቱ ከሽፎብኛል። ሰሌዳው ላይ «1955» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ኢሠአማ፣ መኢሠማ፣ ኢሠማኮ እያልኩ የሠራተኛ ማኅበራትን ምሕጻረ ቃል ደረደርኩ። ከስድሳ ተማሪ ሃምሳው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ። ጥያቄ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አስተካክዬዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው አሁን የምሄድበት መንገድ ነው። የጻፍኩት ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል የታሪክ ወይም የዜግነት ትምህርት መምህራን ነው። ስድስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። በመደበኛው ሰዓት ካልተመቸ በታሪክ ክበብ በኩል ይሠራል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ አሥር ሜትር ሲባጎ፣ አሮጌ ካርቶን፣ ማርከር፣ የልብስ መቆንጠጫ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጨርሱ። ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለርዕሰ መምህርቷ ምን ልታስተምሩ እንደሆነ ንገሩ። «አድማ» የሚለው ቃል ግቢ ውስጥ ሲሰማ ሰው ይደነግጣል። እኔ ሳልናገር ጀምሬ፣ ልጆቹ በጨዋታው መሐል «አድማ! አድማ!» ብለው ሲጮኹ ከአስተዳደር ሰው ሮጦ መጣ። ማስረዳቱ ግማሽ ክፍለ ጊዜ በላብኝ።

1. «ማኅበር» የሚለውን ቃል ፍቱት

ክፍል ስትገቡ ስለ ሠራተኛ ምንም አትናገሩ። ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፦ ማኅበር። ከዚያ «እናንተ ቤት ማን ምን ማኅበር አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ጥያቄ ሰሌዳ ይሞላል። የእናቴ የማርያም ማኅበር፣ በ21። የአባቴ የጊዮርጊስ፣ በ23። የመስጊዳችን ጀመዓ። የአጎቴ የባጃጅ ማኅበር። እህቴ በጥቃቅን የተደራጀችበት የዶሮ እርባታ። የቤት መሥሪያ ማኅበር። እድር ከሁሉም ቤት ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «አባቴ የሚሠራበት አክሲዮን ማኅበር ነው» ይላል። እሱን ጠብቁት፤ ወርቅ ነው።

ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚጠላለፈው እዚያ ላይ ነው። ፋብሪካው በሕግ ስሙ «አክሲዮን ማኅበር» ነው። በፋብሪካው ውስጥ ሠራተኞቹ ያቋቋሙትም «ማኅበር» ነው። የባለሀብቱም ማኅበር፣ የሠራተኛውም ማኅበር። ተማሪው ይህን ሳይለይ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ብትነግሩት የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። እኔ መጀመሪያ የወደቅኩት በዚህ ይመስለኛል።

አሁን ሦስት ጥያቄ ጻፉ። አባል መሆን የሚችለው ማን ነው? መዋጮው ለምን ይውላል? ማኅበሩ ከማን ጋር ይደራደራል? ሰሌዳው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ማኅበር በሦስቱ ፈትኑ። የጽዋ ማኅበር ከማንም ጋር አይደራደርም። እድርም እንዲሁ። የባጃጁ ማኅበር ስለ ታሪፍና ስለ መስመር ከከተማው ጋር ይነጋገራል፤ ግን አባሎቹ ቅጥረኞች ናቸው ወይስ ባለንብረቶች? የሠራተኛ ማኅበር አንድ የሚለየው ነገር አለው። ደመወዝ ከሚከፍለው ወገን ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣል።

የጫኝና አውራጅ ማኅበር ላይ ክፍሉ ይከፈላል። በጋራ ዋጋ ይቆርጣሉ፣ በጋራ «አንነካም» ይላሉ፤ ቋሚ አሠሪ ግን የላቸውም። እዚህ ላይ አትፍረዱ። ክርክሩ ሳያልቅ ደወል ይደወል። በሚቀጥለው ቀን ተማሪው ራሱ ያነሳዋል።

የቤት ሥራ፦ እያንዳንዱ የቤተሰቡን የእድር ደንብ ጠይቆ ይምጣ። መዋጮ ስንት ነው? ቀርቶ የሚቀጣው ማን ነው? ዳኛው እንዴት ይመረጣል? የአባላት ስም ዝርዝር እንዳያመጡ አስጠንቅቁ። ደንቡ ብቻ።

2. እድሩን ይዛችሁ ወንጂ ሂዱ

ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉ። በግራ የእድር ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ጠቅላላ ጉባኤ። በቀኝ የሠራተኛ ማኅበር። ልጆቹ ራሳቸው ይሙሉት። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የአባልነት መዋጮ። አንድ በአንድ ይገጥማል። «ኮረጁ እንዴ?» ብላ አንዲት ልጅ ጠይቃኝ ታውቃለች።

መልሱ ታሪኩ ነው። ወንጂ አዳማ አጠገብ ነው። ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። ከየአገሩ የመጣ ሰው አገዳ ይቆርጣል፣ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ያን ጊዜ የሠራተኛ ማኅበርን የሚያውቅ ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ሠራተኞቹ መጀመሪያ የተሰባሰቡት በእድር ስም ነው። ሰው ሲሞት ተሰብስቦ መቅበርን ማን ይከለክላል? በእድሩ ስም መዋጮ ተሰበሰበ፣ በእድሩ ስም ስብሰባ ተደረገ፤ ስብሰባ ላይ ደግሞ ስለ ደመወዝ ወሬ ይነሳል።

ወንጂ ብቸኛዋ አይደለችም። ድሬዳዋ ላይ የባቡር ሠራተኞች ከእነሱ ቀድመው መደራጀት ጀምረዋል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፉት። ታሪኩ ልብ ውስጥ የሚገባው በእድሩ በኩል ነው፤ የእኛ ልጆች ባቡር አያውቁም፣ እድር ግን ያውቃሉ።

ከዚያ ሕጉን አምጡ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ማንም ኢትዮጵያዊ ለሥራው ሲል ማኅበር ማቋቋም ወይም መግባት ይችላል ይላል። ግን ከኋላው «በሕግ መሠረት» የሚል ሐረግ አለ። ያ ሕግ የት አለ? የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ የወጣው በ1954 መጨረሻ ላይ ነው። መብቱ ተጻፈ፣ በሩ ለስድስት ሰባት ዓመት ዝግ ነበር። ልጆቹ «በሕግ መሠረት» የሚለውን ሐረግ በሌሎች አንቀጾችም እንዲፈልጉ ስጧቸው። ይህችን ሐረግ መጠርጠር ከተማሩ የዜግነት ትምህርት ግማሹን ተምረዋል።

በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከወንጂ የመጣ ሰው ነው። ከእሱ በኋላ በየነ ሰሎሞን እስከ አብዮቱ መርቷል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን ሁለት ስምምነቶች አጸደቀች፦ ቁጥር 87 ስለ መደራጀት ነፃነት፣ ቁጥር 98 ስለ መደራጀትና በጋራ ስለ መደራደር መብት። በ1956 መጀመሪያ የሥራ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ከ1946 እስከ 1956 አሥር ዓመት። ከቀብር መዋጮ ተነስቶ እስከ አዋጅ።

3. ሲባጎውን ዘርጉ

ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥሩ። ካርቶኑን ቆርጣችሁ በእያንዳንዱ ላይ ዓመትና አንድ መስመር አስጽፉ። በመቆንጠጫ ይሰቀላል። እኔ የምጠቀምባቸው ካርዶች እነዚህ ናቸው፦

1878፦ ቺካጎ፣ የ8 ሰዓት ሥራ ጥያቄና ግጭት። የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 23፣ ከዚህ ይመጣል።
1895፦ ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ።
1909፦ ባቡር አዲስ አበባ ገባ።
1941፦ የመምህራን ማኅበር ተመሠረተ።
1946፦ ወንጂ።
1948፦ አንቀጽ 47።
1955፦ ኢሠአማ።
1966፦ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ።
1968፦ ደርግ ኢሠአማን ዘጋ።
1969፦ መኢሠማ (የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር)።
1985፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42፣ ከዚያ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን)።
1987፦ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 42 (የሠራተኞች መብት)።
2011፦ አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156።

የ1878ቱ ካርድ ላይ ጥቂት ቁሙ። ቺካጎ ላይ ያ ሁሉ ሲሆን አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም፤ ጥቂት ወር ይቀራታል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ዓለምና እኛ በአንድ ሲባጎ ላይ መሆናችን ይገባቸዋል።

አንድ ወጥመድ አለ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዓመቱም የፈረንጅ ነው። ልጁ መጽሐፉ ላይ 1974 ያነባል፣ አያቱ ደግሞ «በ66» ይሉታል። ሁለት የተለያየ አብዮት ይመስለዋል። ወይም ይባስ ብሎ 1974ን እንዳለ ይወስዳል። በእኛ 1974 ንጉሡ ከወረዱ ሰባት ዓመት ሆኖታል! ስለዚህ ካርዶቹ ሁሉ በእኛ ዘመን ይጻፉ፣ የፈረንጁ ከታች በትንሹ በሌላ ቀለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ባለው ስምንት መቀነስ ነው። ይህን አሥር ደቂቃ አስለማምዷቸው። ለሌላ ትምህርትም ይጠቅማቸዋል።

4. 1966ን በጥንቃቄ

ይህ ክፍል ከሁሉም ከባድ ነው። ከሁሉም የሚጥመውም እሱ ነው።

ከየካቲት ጀምሩ። የነዳጅ ዋጋ ጨመረ። የካቲት 11 መምህራንና የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራኑ ያነሱት ጥያቄ ስለ ትምህርት ሥርዓቱ ክለሳም ነበር። «እኛም አለንበት» ስትሏቸው ልጆቹ ይስቃሉ፤ መምህር የሚያድም አይመስላቸውም። የካቲት 28 ኢሠአማ የጠራው አጠቃላይ አድማ ጀመረ። አራት ቀን ቆየ። መንግሥት ከማኅበሩ ጋር ተደራድሮ ስምምነት ላይ ደረሰ፣ ሥራ ተመለሰ። በኢትዮጵያ ታሪክ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ የሠራተኛ አድማ ከዚያ በፊት አልታየም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከምሥረታ ወደዚህ መድረሱን ሲባጎው ላይ በጣታችሁ አሳዩ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ኢሠአማ ሥልጣን ለሕዝብ ይሰጥ አለ። በመስከረም 1968 ደርግ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ በዚያው ዓመት ማኅበሩን ዘጋው። በ1969 በራሱ ሥር መኢሠማን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ቴዎድሮስ በቀለ በዚያው ዓመት ተገደለ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቀይ ሽብር ዘመን ነው። ክፍላችሁ ውስጥ ዘመዱ የሞተበት አለ፤ ዘመዱ የቀበሌ ጠባቂ የነበረም አለ። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። «ማን ትክክል ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። እኔ የማስቀምጠው ጥያቄ ይህ ነው፦ ማኅበሩን ማን ማን ሊይዘው ፈለገ? ለምንስ ፈለገው? ይህን ጥያቄ ወደኋላም ወደፊትም ማስኬድ ይቻላል። በንጉሡ ዘመን መንግሥት ማኅበሩን በሕግ አጠረው። ደርግ ዘግቶ የራሱን ሠራ። በኢሕአዴግ ዘመንም ኮንፌዴሬሽኑ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ ምዝገባው ተሰርዞ ነበር፤ በኋላ እንደገና ተቋቋመ። ተማሪው ሦስቱን መንግሥታት ጎን ለጎን ካያቸው መደምደሚያውን እሱ ይድረስበት።

ክርክሩ ወደ ዛሬ ፖለቲካ ከዞረ «ሲባጎው ላይ እንቆይ» በሉ። ይሠራል።

5. ወደ ቤት፦ ባሕር ዳር

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሠራው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ገንዘቡ ጣሊያን ከከፈለችው የጦር ካሳ የመጣ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ቀና ይላሉ። በ1955 በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። በዚያው ሰሞን ጢስ ዓባይ ላይ የመብራት ኃይል ማመንጫ ቆመ። ፋብሪካ፣ መብራት፣ የሙያ ትምህርት ቤት፤ ሦስቱም በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር በነበረች ትንሽ ከተማ ላይ።

ፋብሪካው ግን ከማሽኑ ሌላ አዲስ ሰዓት ይዞ መጣ። ይህን በደንብ አስረዱ። የጎጃም ገበሬ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ29 ለባለወልድ እርሻ አይነካም። ሥራ ሲበዛበት ደቦ ይጠራል፤ ጠላ ይቀርባል፣ ይዘፈናል። ማሽን ግን ሚካኤልን አያውቅም። ፈረቃ ነው፤ የቀን፣ የማታ፣ የሌሊት። የዘገየ ይቀጣል። ከደቦ ወደ ፈረቃ የተሻገረ ሰው ምን አተረፈ፣ ምን አጣ? ግማሹ ክፍል ያተረፈውን፣ ግማሹ ያጣውን ይዘርዝር። ደመወዝ በየወሩ መምጣቱን አቅልላችሁ እንዳታዩት፤ ዝናብ የማይነካው ገቢ ለገበሬ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ቃለ መጠይቅ። በሰፈሩ ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ የጀልባ ሠራተኛ፣ የሆቴል ሠራተኛ አይጠፋም። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቡና ወይም ስኳር ትንሽ ቋጥረው ይሂዱ። «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ በዕድሜ ከገፉ «አባባ»፣ «እማማ» ይበሉ፤ አንቱታ አይጉደል። ዓላማቸውን በር ላይ ይናገሩ፦ «የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ ስምዎን አንጽፍም።»

ጥያቄው ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። «የሠራተኛ ማኅበር ጥቅሙ ምን ነበር?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ንግግር ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ይጠይቁ፦

የመጀመሪያ ደመወዝዎ ስንት ነበር? ምን ገዙበት?
ፈትል ክፍል ነበሩ ወይስ ሽመና? ድምፁ እንዴት ነበር?
የሌሊት ፈረቃ ሲገቡ ልጆቹን ማን ያይ ነበር?
ከካቦ ጋር የተጣላ ሰው ወዴት ይሄድ ነበር?
የማኅበር መዋጮ ስንት ይቆረጥ ነበር? ማንን መረጣችሁ?

የካቦው ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው። ማኅበሩ በወረቀት ብቻ የነበረ ይሁን ወይም የሚሠራ፣ ከመልሱ ይታወቃል። አንዲት ጡረተኛ እናት ለተማሪዎቼ ስለ አድማ አንድ ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ ወተት ነው። ብናኝ ያለበት ክፍል ለሚሠራ ወተት ይሰጥ ነበር፣ አንድ ጊዜ ቀረ፣ ተጯጯኹ፣ ተመለሰ። ልጆቹ «ታሪክ አልነገሩንም» ብለው አዝነው መጡ። ያን ቀን ሙሉውን ክፍለ ጊዜ በወተት ጨረስኩት። ሳሙና፣ የሥራ ልብስ፣ ሰርቪስ፣ ወተት፤ ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ሆዱ ሲከፈት የሚገኘው እኮ ይኸው ነው።

ድምፅ መቅዳት ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ተማሪዬ የአንድ አዛውንትን ድምፅ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው ድረስ ሄጃለሁ። አሁን በእጅ እንዲጽፉ ብቻ ነው የምፈቅደው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ሲጽፉ ይሰማሉ።

ከፋብሪካው መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር እንግዳ ማምጣት ከቻላችሁ ከአሠሪው ወገንም አንድ ሰው ጋብዙ። በአንድ ቀን ይምጡ። ለእያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ፣ ቀሪው ለጥያቄ። አንዱ ብቻ ከመጣ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ቅስቀሳ ይሆናል።

6. ድርድሩን ተጫወቱ

ስድሳ ተማሪ ካለ ስድስት ጠረጴዛ። በአንዱ ጠረጴዛ አራት የሠራተኛ ተወካይ፣ አራት የአሠሪ ተወካይ፣ አንድ አስማሚ፣ አንድ ጸሐፊ። ፋብሪካው ስም የለውም፣ ቁጥሩም ለጨዋታ የተፈጠረ ነው። ይህን ንገሯቸው፤ አለበለዚያ «የእነ እገሌ ፋብሪካ ነው» የሚል ወሬ ይነሳል።

ሁለቱም ወገን አንዳንድ ምስጢር ወረቀት ይይዛሉ። የሠራተኞቹ፦ «20 በመቶ ጭማሪ ጠይቁ። አድማ ብትመቱ ያላችሁ ገንዘብ ለ6 ቀን ብቻ ይበቃል።» የአሠሪው፦ «ከ10 በመቶ በላይ አትችሉም። ሰርቪስና ወተት ግን መጨመር ትችላላችሁ። ትልቅ ትእዛዝ በ8 ቀን ማድረስ አለባችሁ።» ምስጢሩ ነው ጨዋታውን የሚያሞቀው። ሁለቱም የሚፈሩት ነገር አላቸው፣ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

ሃያ አምስት ደቂቃ ስጡ። የሚፈለገው በአንድ ገጽ የተጻፈና የተፈረመ ኅብረት ስምምነት ነው። ጊዜው ሲያልቅ ምስጢሮቹ ይነበቡ። ሳቁና ቁጭቱ ያን ጊዜ ነው። «ስምንት ቀን ብቻ ነበራችሁ? ብናውቅ ኖሮ!»

መጀመሪያ ስናደርገው አንድ ልጅ አሠሪ ሆኖ በሁለተኛው ደቂቃ አራቱንም ተወካዮች አባረራቸው። ጠረጴዛው ባዶ ቀረ። ልጁ ኮራ ብሎ ተቀመጠ። እኔም መልስ አጣሁ፣ ምክንያቱም ደንቡን አልነገርኳቸውም ነበር። አሁን አስቀድሜ ሁለት ነገር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የማኅበር አባል ወይም ተወካይ በመሆኑ ብቻ ሠራተኛን ማሰናበት በአዋጅ 1156 ሕገ ወጥ ነው። አድማ ለማድረግ ደግሞ ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ አብላጫው መደገፍ አለበት። ከስድሳ አርባ ካልተገኘ ስብሰባው አይቆጠርም። ድምፅ ስጡ ስትሏቸው ሁሉም እጅ ያወጣል፤ «6 ቀን ብቻ ነው ያለን» ሲባል ግማሹ እጅ ይወርዳል።

የመብራት፣ የውኃ፣ የሆስፒታል ሠራተኛ አድማ እንዲመታ ሕጉ አይፈቅድም። ለምን? ይህን ለጠረጴዛዎቹ የአምስት ደቂቃ ጥያቄ አድርጉት።

የቀረ ጊዜ ካለ፦ የራሳቸው ሥራ

ከክፍላችሁ ክረምት የሚሠራ አለ። ጁስ ቤት፣ ሊስትሮ፣ ባጃጅ፣ ግንባታ፣ የዓሣ ገበያ። እጅ አውጡ አትበሉ፤ የሚያፍር አለ። በቁራጭ ወረቀት ስም ሳይጽፉ ይስጡ። ከዚያ የሕጉን ቁጥር አስቀምጡ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ለአዋቂ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ካፌ ውስጥ የሚሠራ አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ በጣቱ ሲቆጥር አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ነበሩ።

አንዱ «ቲቸር፣ እናንተስ?» ይላችኋል። መልሱን አዘጋጁ። መምህራን የራሳችን ማኅበር አለን፣ ግን የመንግሥት ሠራተኛ በዚህ አዋጅ አይተዳደርም፤ የመምህራን ማኅበርም የኢሠማኮ አባል ማኅበር አይደለም። ወደ መጀመሪያው ቀን ሰሌዳ መልሷቸውና በሦስቱ ጥያቄ ይፈትኑን።

ነጥብ አሰጣጥ

ዓመተ ምሕረት የሚያሸመድድ ፈተና አታውጡ። ከ20 ነጥብ 8ቱን ለቃለ መጠይቁ ጽሑፍ፣ 6ቱን ለኅብረት ስምምነቱ፣ 6ቱን ለአንድ አጭር ጽሑፍ እሰጣለሁ። የጽሑፉ ጥያቄ፦ «የጫኝና አውራጅ ማኅበር የሠራተኛ ማኅበር ነው ወይስ አይደለም?» ሁለቱም መልስ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፣ ሦስቱን ጥያቄ ከተጠቀመ። ለዚያ «ፈተና ላይ ይመጣል?» ለሚለውም ከመጀመሪያው ቀን «አዎ፣ ከ20» በሉት፤ ጸጥ ይላል።

የቃለ መጠይቁን ጽሑፎች በአንድ ክላሰር አስራችሁ ቤተ መጻሕፍት አስገቡ፣ ስም አጥፍታችሁ። ለተናገሩት አዛውንቶች አንዳንድ ቅጂ ይድረሳቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ ልጆቹ ሄደው ያንብቡላቸው። ሲባጎውን ሚያዝያ 22 ኮሪደር ላይ ስቀሉት፤ 23 በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። መቆንጠጫዎቹን ቆጥራችሁ ሰብስቡ፣ ሁልጊዜ ሦስት አራቱ ይጠፋሉ።